በመስመሩ መሀል ያለው ትንፋሽ

እትዬ መስመር በሃያ ሰባት ዓመት የስልክ ኦፕሬተርነታቸው አንዲት ቀን እንኳ የሰው ወሬ አዳምጠው ያውቁ ይሆን? ይህን የሚመልስ ሰው የለም። አብረዋቸው ከሠሩት ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ስለ ራሳቸውም ቢጠየቁ ወሬ ያስለውጣሉ። እሳቸውን መጠየቅ ደግሞ አይሞከርም። በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ አንድ ጊዜ በጨዋታ መሀል ቢጠይቃቸው፣ ሊያሳጥርላቸው የያዘውን ቀሚስ መርፌው እንደተሰካበት ከእጁ ነጥቀው ወጥተዋል። የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው፦ ስልክ ሊያወሩ ሲቀመጡ መስኮት ይዘጋሉ፣ ሬዲዮ ያጠፋሉ፣ ከዚያ «ሄሎ» ከማለታቸው በፊት ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

«መስመር» ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። በወጣትነታቸው በስልክ ማዞሪያ ቤት ከአሥራ አምስት ሴቶች ጋር በአንድ ረድፍ ተቀምጠው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አስረው፣ ቀዳዳ በበዛበት ሰሌዳ ላይ ገመድ ሲሰኩና ሲነቅሉ ኖሩ። ሕጉ አጭር ነበር፦ አገናኚ፣ መገናኘታቸውን አረጋግጪ፣ ውጪ። መውጣት ማለት ጥፍር የምታህል አንዲት ማጥፊያ ወደ ላይ መመለስ ነው። አለመመለስም የዚያኑ ያህል ቀላል ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እትዬ መስመር በዓለም ላይ ስላለ ስልክ ሁሉ የሚያምኑት ይህንኑ ነበር፦ አንድ ቦታ፣ አንዲት ሴት፣ ማጥፊያዋን አልመለሰችም።

ሦስተኛ ጆሮ መግባቱን ደግሞ ይለዩታል። ድምፁ ይሳሳል። ዝምታውም ይለወጣል። መነጋገሪያውን በመዳፉ የሸፈነ ሰው ዝም ያለ ይምሰለው እንጂ፣ ለሚያውቅ ጆሮ መዳፍ ድምፅ አለው።

የሚደውሉት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቀው ለሚኖሩት ታላቅ እህታቸው። ሁልጊዜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላሉ። እህትየው የሚኖሩት ከልጃቸው ሚስት ጋር ነው። ልጅየው የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከወር ሦስቱን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ስምንት ወር ድረስ የእህትማማቾቹ ጨዋታ ሌላ አልነበረም፤ ምራቲቱን ማማት ነበር። ጨው ታበዛለች። በር ትወረውራለች። ሰው ሲመጣ ማር፣ ሰው ሲሄድ እሬት ናት፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ። እትዬ መስመር ሴትየዋን ያዩዋት በሠርጓ ቀን ብቻ ቢሆንም «እባቢቱ» ይሏት ነበር፤ እህትየውም «ኧረ ተይ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ከስምንት ወር ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። «እባቢቱ ዛሬ ምን ሠራች?» ሲሏቸው እህታቸው ትንሽ ቆይተው «ደህና ናት፣ እግዜር ይስጣት፣ ሰላም ብላሻለች» ይላሉ። «አብልታሻለች?» ሲሏቸው ቆይተው «ጤናዬ ደህና ነው፣ አንቺስ?» ይላሉ። ሁልጊዜ ያ መቆየት አለ። ሁልጊዜ ያ ምስጋና አለ። ሰው በአንድ ሌሊት ምራቱን እንዲህ አይወድም። ልማዳቸውን ጥሰው አንድ ጊዜ ለሾፌሩ ደውለው ቢጠይቁት «እማዬ ደህና ናት፣ አክስቴ፣ አታስቢ» አላቸው። አታስቢ የሚባለው የሚያሳስብ ነገር ሲኖር ነው። እትዬ መስመር በልባቸው ደመደሙ፦ እህታቸው የሚያወሩት ቁጥጥር ሥር ሆነው ነው፤ አንድ ሰው እያዳመጠ ስለሆነ እውነቱን መናገር አልቻሉም። አዳማጩ ከየት እንደገባ ግን አሮጌው ስልክ አይነግራቸውም። ሃያ ዓመት የቆየ ገመድ ነው፤ እንደ ዝናብ ይንሿሿል።

ታዲያ የሕንፃው ደረጃ ላይ «ከዓርብ ጀምሮ የገመድ ስልክ አገልግሎት ይቋረጣል» የሚል ወረቀት በተለጠፈ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያማርር እትዬ መስመር አላማረሩም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ለሦስተኛ ጊዜ ማን እንደፈረመበት አዩ። ከዚያ መታወቂያቸውን ከፍራሹ ሥር አወጡ። ማንም መሀል የማይገባበት ስልክ ያስፈልጋቸዋል።

መጀመሪያ የገቡት ሰማያዊ ሰሌዳ ካለው ድርጅት ሱቅ ነው። ሻጯ ጥፍሯን በሦስት ቀለም የቀባች ልጅ ናት።

«እማማ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ይሄ ነው» ብላ መስታወት የመሰለ ትልቅ ስልክ አቀበለቻቸው። «ካሜራው አንደኛ ነው።»

«ካሜራ ምን ያደርግልኛል?»

«ፎቶ ያነሱበታላ።»

«እሱስ እኔን አያነሳኝም?»

«ካልነኩት አያነሳዎትም።» ልጅቷ ሳቀች።

እትዬ መስመር አልሳቁም። ስልኩን ገልብጠው፣ የንባብ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄ ቀዳዳ ምንድነው?»

«ድምፅዎ የሚገባበት ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም ድምፅ የሚገባበት ነው።»

«እኔ ያለኝ አንድ አፍ ነው፣ ልጄ። ሁለተኛው ለማን ነው?»

«ጫጫታ ለመቀነስ ነው፣ እማማ። የውጩን ድምፅ ይሰማና ያስቀረዋል።»

«ይሰማል አልሽ?»

«ለጥራት ነው…»

«ሰማሁሽ። መልሺው።»

አራት ስልክ አስመለሱ። በመጨረሻ ከመስታወቱ ሣጥን ታችኛው መደርደሪያ፣ ከአቧራ ጋር፣ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ወጣች። እትዬ መስመር ጀርባዋን ከፈቱ። ባትሪዋ ወጣ።

«ባትሪው ሲወጣ ይሞታል?»

«ድብን ይላል።»

«ይሄን ስጪኝ።»

ቀጥሎ የጥቅሉ ጉዳይ መጣ። የቀን ጥቅል፣ የሳምንት ጥቅል፣ የወር ጥቅል፣ ከኢንተርኔት ጋር፣ ያለ ኢንተርኔት፤ ልጅቷ እንደ መዝሙር አወረደችው። እሳቸው ከሁሉ የጠረጠሩት ርካሹን ነው። የምሽት ጥቅል ይባላል፤ ወር ሙሉ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት የፈለጉትን ያህል ያወሩበታል።

«የፈለግሁትን ያህል? ለምን?»

«እንዴት ለምን? እንዲያወሩ ነዋ!»

«ሰው ብዙ እንዲያወራ የሚፈልግ ማነው? የሚያዳምጥ ብቻ ነው።»

ከኋላቸው የተሰለፈ አንድ ጎልማሳ «እናቴ፣ ወይ ይግዙ ወይ ባርከውን ይሂዱ» አለ። እሳቸው ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ወደ ውሉ ተመለሱ። ውሉ አራት ገጽ ነው። ማንም አንብቦት አያውቅም፤ እሳቸው አነበቡት። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ጣታቸው ቆመ፦ «ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ጥሪዎ ሊቀዳ ይችላል።»

«ይኸው! ሳያፍሩ ጽፈውታል!»

«እማማ፣ እሱ እኮ ቅሬታ ሊነግሩን ሲደውሉ ነው። የእርስዎን ጨዋታ ማን ይቀዳል?»

«ማን እንደሚቀዳማ አንቺ ንገሪኝ።»

ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል። ልጅቷ እስክሪብቶ አነሳችና እንዳዘዟት በውሉ ግርጌ በእጇ ጻፈች፦ «ከእህታቸው ጋር የሚያወሩት አይቀዳም።» ፈረመችበትም። እትዬ መስመር ፊርማዋን ደረቷ ላይ ከተለጠፈው ስም ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ ፈረሙ።

የዚያን ዕለት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱን ዘግተው፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ደወሉ። የመስመሩ ጥራት አስደነገጣቸው። ያ ሁሉ ዝናብ የለም። የእህታቸው ቤት ግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። ወንበር ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።

«እታለም! እኔ ነኝ፣ በአዲስ ስልክ ነው። እንዴት ዋልሽ?»

ዝም። ቀጥሎ፣ ከመዳፍ በታች፣ እንደ ነፋስ የሳሳ ሹክሹክታ መጣ። ቃሉ አይለይም፤ ሹክሹክታነቱ ግን ቁልጭ ያለ ነው። ከዚያ የእህታቸው ድምፅ ተከተለ፦ «ደህና ዋልኩ እህቴ፣ ተመስገን። አዲስ ስልክ ገዛሽ? እንኳን ደስ አለሽ!»

ስምንት ወር የጠረጠሩት ነገር ይኸው ትንፋሽ አውጥቶ መጣ። «ከመስመሩ ውጡ!» ብለው ጮሁ። «የምታዳምጡ ሰዎች፣ ውጡ! ውል አለኝ!» አንዳች ነገር ሲወድቅ ተሰማ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበሩ። ልጅቷ እንዳየቻቸው ጥፍሮቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«ፈርመሽልኝ ነበር» አሏት።

«እማዬ ትሙት፣ ማንም አላዳመጠዎትም።»

«በጆሮዬ ሰማሁ። ሴት ናት። ፈረቃዋ የማታ ነው።»

«እኛ ጋ እኮ መሀል ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም! ሁሉም ማሽን ነው!»

«ማሽን አይተነፍስም፣ ልጄ።» ሲም ካርዷን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መንገዱን ተሻገሩ። እዚያ ማዶ የሌላው ድርጅት ሱቅ አለ፤ ሰሌዳው ብርቱካንማ ነው። ከረባት ያሰረ ሻጭ ገና በር ላይ ተቀበላቸው፤ ከየት እንደመጡ ሲሰማም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«እነሱ ጋ እንደዚህ ዓይነት ነገር አይጠፋም፣ እናቴ። እኛ ጋ ይረሱት።»

እትዬ መስመር ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ቶሎ የሚስማማቸውን ሰው ከሚከራከራቸው ሰው የበለጠ ይፈሩታል። ሆኖም ሌላ አማራጭ የለም፤ ሦስተኛ ድርጅት አልተፈጠረም። ሲም ካርዱን እሳቸው ራሳቸው ከማሸጊያው አወጡ፤ እሱ ሲነካው አላዩምና ትንሽ ተረጋጉ። ጥቅሉም ያው የምሽት ጥቅል ነው፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል።

ምሽት ላይ ደወሉ። ያው ዝምታ ነበር። ያው መዳፍ ነበር። ያቺው ሹክሹክታም ነበረች።

በዚህ ጊዜ አልጮሁም። ስለ ጤና፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ስልኩ ዋጋ ሁለት ሦስት ነገር ተለዋውጠው በሰላም ዘጉ። ከዚያ ተቀምጠው አሰቡ። ሁለት ባላንጣ ድርጅቶች አንዲት ሴት በጋራ አይቀጥሩም። እንግዲያው አዳማጯ የተቀመጠችው በዚህኛው ጫፍም በመሀልም አይደለም። በወዲያኛው ጫፍ፣ ከእህታቸው አጠገብ፣ ምናልባትም ክንዳቸውን ይዛ ነው። ምን እንደሚመልሱ የምትነግራቸው እሷ ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እትዬ መስመር ግን በልጥ የበረዩ አልመሰላቸውም፤ እባቧን ያገኟት መሰላቸው። የቀረው መያዝ ነው፤ አያያዙን ደግሞ ከድሮ ሥራቸው ያውቁታል።

በማዞሪያ ቤቱ አንዲት የፈረቃ ኃላፊ ነበረች። ከሴቶቹ መሀል የምታዳምጥ እንዳለች ስትጠረጥር ከጎን ክፍል ሆና አንድ መስመር ታስከፍትና ለባልደረባዋ የሚያስቅ ወሬ ታወራለች። ከዚያ በመስታወቱ የሴቶቹን ጀርባ ታያለች። ትከሻዋ የተነቃነቀች ተያዘች። የእትዬ መስመር ትከሻ አንድም ቀን ተነቃንቆ አያውቅም፤ ይህ ግን ምንም አያስረዳም፤ ሳቃቸውን መዋጥ የሚችሉ ሴት ናቸው።

በማግስቱ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ እንዲህ ብለው ጀመሩ፦ «እታለም፣ ልብስ ሰፊያችን የሠራውን ልንገርሽ። ለአንድ ዳኛ ሱሪ ሰፋላቸው፤ ዚፑን ከኋላ አድርጎ! ሰውየው ፋሽን መስሏቸው ለብሰውት ፍርድ ቤት ዋሉ። ማታ ሚስታቸው ‹ኧረ ዚፑ ከኋላ ነው!› ብትላቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ‹እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሥራዬ ወደ ፊት ማየት ነው!›»

ሳቁ ወዲያው መጣ። የእህታቸው ሳቅ አይደለም። የወጣት ሴት ሳቅ ነው፤ ፍንድት ብሎ ወጥቶ በመዳፍ ታፈነ። ከዚያ ሹክሹክታው ተከተለ፣ ረጅም፣ በሳቅ እየተቆራረጠ። ከዚያ በኋላ ብቻ፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው፣ የእህታቸው ሳቅ ደረሰ።

«አንቺ እባብ!» አሉ እትዬ መስመር። «ያዝኩሽ! እህቴን ምን አድርገሻት ነው?»

መዳፉ ተነሳ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ምራቲቱ። «እባክዎ አይዝጉት።»

«ለእህቴ ስጪያት!»

«ብሰጣትም አትሰማዎትም።»

«ምን ማለት ነው አትሰማዎትም?»

«ጆሮዋ ተዘግቷል፣ እትዬ። ስምንት ወሩ። በቀኝ በኩል ከንፈሬን አስጠግቼ ካልነገርኳት አይገባትም፤ የስልክ ድምፅማ ጨርሶ። ሐኪሙም አይመለስም ብሏል። እርስዎ ሲናገሩ እኔ አዳምጥና ለሷ እነግራታለሁ። ከዚያ መነጋገሪያውን አፏ ላይ እይዝላታለሁ።»

ስምንት ወር። በየምሽቱ። «እባቢቱ ምን ሠራች?» ያሉት ለማን ኖሯል? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እሳቸው ግን ሳያመልጣቸው፣ አስበው፣ ቃል መርጠው ነው የተሳደቡት።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አስማለችን። እኔንም ልጇንም። ‹እንደማልሰማ ካወቀች ለምን ትደውላለች? ከድንጋይ ጋር ማን ያወራል?› አለች። ደግሞም ሰዓቷን ትጠብቃለች፣ እትዬ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወንበሩን ወደ ስልኩ አስጠግታ ነው የምትቀመጠው።»

«ታዲያ እኔ… እባቢቱ ስልሽ ምን ብለሽ ትነግሪያት ነበር?»

«‹ምራትሽ ደህና ናት ወይ?› ትላለች እላታለሁ።»

«ሰማይና ምድር! አሳስተሽ ነው ያደረስሽው!»

«ምን ላድርግ? እኔ አንዴ ሰምቼዋለሁ። በገዛ አፌ ደግሞ ልድገመው?»

እትዬ መስመር ሳቃቸው ሊመጣ ሲል ዋጡት። የሚጣፍጥ ማብራሪያ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ይህች ሴት መስማት የማይችሉ አሮጊት ቤቷ ይዛለች፤ የሚወጣውም የሚገባውም ቃል በእሷ እጅ ያልፋል። ከዚህ የተሻለ እስር ቤት ማን ይሠራል?

«ስሚኝ» አሉ፣ የድሮው የሥራ ድምፃቸው መጥቶ። «አንድ ጥያቄ እልካለሁ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ ታደርሻለሽ። መዳፍሽንም አታድርጊ።»

«እሺ።»

«‹ምራትሽ ትመታሻለች ወይ?› በያት።»

ከወዲያ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ የምራቲቱ ድምፅ ከስልኩ ፈንጠር ብሎ፣ ቃል በቃል መጣ፦ «እማማ፣ እህትሽ ‹ምራትሽ ትመታሻለች ወይ?› ትላለች።»

«ምን?» አሉ እህትየው። «ድገሚው እስቲ።»

ደገመችው።

«ማን? ይቺ?» የእህታቸው ድምፅ ስልኩን ሞላው። «ይቺ እኮ ዝንብ ስትመታ ይቅርታ የምትጠይቅ ናት! እርግጥ ጨው ታበዛለች። አሁንም ታበዛለች! በርም ትወረውራለች፤ አሁን ስለማልሰማው ነው ዝም ያልኩት። ግን ገላዬን ማን ያጥበኛል? ጥፍሬን ማን ይቆርጥልኛል? አንቺ ደግሞ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ ያለ…» እዚህ ላይ እህትየው ቆሙ። ያሉት ነገር ለራሳቸው ዘግይቶ ደረሳቸው። «ወይኔ። ስለማልሰማው አልኩ?»

ምራቲቱ መነጋገሪያውን ከአፋቸው አላነሳችም።

«አውቀሻል ማለት ነው» አሉ እህትየው፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ታዲያ ነገ አትደውዪም።»

እትዬ መስመር የሰሙትን በውስጣቸው መላልሰው መረመሩት። በር ትወረውራለች፤ ይህን የፈራ ሰው አይለውም። ጨው ታበዛለች፤ ይህንንም የታሰረ ሰው በአሳሪው ፊት አይለውም። ስምንት ወር ያጧት እህታቸው ይቺ ናት፤ ምራቷን በምራቷ አፍ የምታማ።

«ንገሪያት» አሉ። «‹ነገ በአንድ ሰዓት እደውላለሁ፤ ጥቅሉ የወር ነው› በያት።»

ምራቲቱ ነገረቻቸው። ከወዲያ ማዶ ሲያለቅሱ ይሁን ሲስቁ አልለየም፤ ምራቲቱም አላብራራችም።

«አንቺም» አሉ እትዬ መስመር፣ «ከነገ ጀምሮ እንዳለ ነው የምታደርሺው። ስድብም ቢሆን።»

«ስድቡ ለእኔ ከሆነስ፣ እትዬ?»

«ያኔ… ቀድመሽ ትመልሺልኛለሽ፤ ከዚያ ታደርሻለሽ።»

«እሱስ ይሻላል» አለች ምራቲቱ። «ስምንት ወር ሙሉ ብዙ መልስ ተጠራቅሞብኛል።»

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ መስመር መዘጋቱን በመነጽር አረጋገጡ። ባትሪውን ሊያወጡ ጀርባውን ከፈቱና መልሰው ከደኑት፤ ሌሊት እህታቸው ሊፈልጓቸው ይችላሉ። የእህታቸውን መልስ አንድ በአንድ እያስታወሱ የሐሰት ቃል ፈለጉበት፤ አላገኙም። እንደገና ፈለጉ። እግራቸውን ታጥበው ጋደም ካሉ በኋላም ስለ ጥፍሩ ነገር ትንሽ አሰቡ፤ ጥፍር የምትቆርጥ ሴት መቀስ ትይዛለችና። ከዚያ ተውት። እንቅልፍ የወሰዳቸው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።